ኢምኒው ማን ላይ ነው?

ቤርትሊ ጀልባውን በጠራራ ፀሐይ፣ ባሕሩ ረጭ ባለበት ሰዓት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከሚያውቀው ዓለት ጋር አላትሞ ሰበራት። ራሱ ወገቡ ድረስ በሚደርስ ውሃ እየተራመደ ወጣ። ልጁ ሳይቭ ነገሩን የሰማችው ከጎረቤቱ ከኮሊን ነው፤ ወዲያው ከምትኖርበት ከተማ ከጎልዌይ መኪናዋን አስነስታ መጣች።

ስትደርስ ወጥ ቤት ተቀምጦ ድንች ይልጣል። ደህና ነኝ አላት። ኮሊን የወንድሙን ጀልባ ሊያውሰው ነው፤ ሰኞ ባሕር ውስጥ የጣላቸውን ወጥመዶቹን ሊያወጣ ይሄዳል።

«ኢምኒ አይስፈርብሽ» ሲል ጨመረ።

በመንደራቸው በካርና ይህ የወሬ መዝጊያ ነው። ጭንቀትን ኢምኒ ይሉታል፤ ሰው ላይ ይሰፍራል፣ ሲለው ይነሳል። የመንደሩ ወንዶች ላይ ግን ሰፍሮ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሚስቶቻቸው ላይ ነው። ማዕበል ሲነሳ፣ ላም ስትታመም፣ ሳይቭ ፈተና ስትቀመጥ፣ ቤርትሊ «እናትሽ ላይ ኢምኒ ሰፍሯል» ይል ነበር። አምና ዓይኑ መድከም ሲጀምርም በስልክ ያላት ይህንኑ ነው። እናቷን ብትጠይቃት እኔ ላይ ምንም የለም ብላ ሳቀች፤ ሳይቭም ነገሩን ተወችው። እናቷ በመጋቢት ሞተች።

«ታዲያ አሁን ማን ላይ ነው?» አለች ሳይቭ።

«ምኑ?»

«ኢምኒው ነዋ። እማዬ የለችም።»

ድንቹን አገላበጠ። «ኮሊን ላይ ትንሽ ሳይኖር አይቀርም።»

«ጀልባ የሚያውስህ ሰውዬ ላይ? ውሻው ላይ ነው በለኛ፣ አባዬ።»

«ውሻውም ምግብ ቀንሷል» አለ ቀና ሳይል።

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ግን ድስቱ ውስጥ የጣላቸውን ድንቾች አየች፤ ግማሽ ልጣጫቸው አልተነሳም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታፈጥበት ነበር። አሁን ግን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እኔ ላይ ነው» አለ። «ዓለቱን አላየሁትም፣ ልጄ። ውሃ መስሎኝ ነው የቀዘፍኩት።»

ነገ አብረው ጎልዌይ ሄደው ሐኪም እንደሚያየው፣ እሷ ዘንድ እንደሚያድር ነገረችው። ዓይኑ ይመለስ እንደሆነ ጠየቃት፤ አላውቅም አለችው። ወጥመዶቹን አንድ ጊዜ ብቻ ላውጣና ልምጣ ቢላትም እምቢ አለች።

ቢላዋውን አስቀመጠ።

«እንግዲህ ኮሊን ጀልባዋን ለሌላ ሰው ይስጣት» አለ። «ሄጄ ልንገረው።»

ቆቡን አደረገ፤ ወጥቶም በሩን ከኋላው ዘጋው።