የማያልቀው ከረጢት

«ብላ እንጂ! ሚኒስትር እንኳ ዛሬ እንዲህ ያለ ምሳ አላገኘም!»

ሹፌሩ በሆዱ ተኝቶ ጭንቅላቱን ከስፌት መኪናው ሥር አስገብቷል። በኪራይ በመጡት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቁመዋል። የበር ያህል ትከሻ ያለው የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ ጥቁር ጃኬቱን እንደለበሰ ወለል ላይ ተዘርግቶ ከውሻ ጋር ሲደራደር ማየት በየቀኑ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ውሻው ግን ድርድር አልፈለገም። ሻምበል ይባላል፤ አንድ ጆሮው ቆሞ አንዱ የወደቀ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ነው። ሳህኑን አንዴ አሸተተና አገጩን መልሶ በመኪናው መርገጫ ላይ አሳረፈ። የብረቱ መሐል የሟቿ እግር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለረገጠው እንደ መስታወት ያበራል።

«ጋሼ፣ ተነስ በቃ፣ ሰው እያየህ ነው» አለች የእህቱ ልጅ፣ የቡና ፔርሙዙን እንደያዘች። ከሌላ ከተማ ለእናቷ ቀብር የመጣች ነርስ ናት።

«ይየኝ! ሠላሳ ቶን ሲሚንቶ ጭኜ፣ ፍሬን በሌለው መኪና ቁልቁለት የወረድኩ ሰው በአንድ ውሻ ልሸነፍ?»

«ባለፈው ሃያ ቶን ነበር።»

«መንገድ ላይ ጨመሩበት።»

ጥግ ላይ የተቀመጡት ጡረተኛዋ አስተማሪ ወደ ጎናቸው ወዳለችው ሴት ጎንበስ አሉ። «ምስኪን፣ እሱም ሐዘን ላይ ነው» አሉ በሹክሹክታ። ሹክሹክታቸው አርባ ዓመት ክፍል ሙሉ ተማሪ ሲያስተምሩ ስለኖሩ እስከ ውጭ በር ይሰማል።

«ሐዘን ላይማ እኛም ነን» አለች ሴትዮዋ። «እኔ ግን ሁለት ሳህን በላሁ።»

ቀብሩ ረቡዕ ነበር፤ ዛሬ ዓርብ ነው። ሻምበል ከረቡዕ ወዲህ ከውኃ በቀር የቀመሰው የለም። ድመቷ ወይዘሪት በበኩሏ የለቀስተኛውን ሁሉ እጅ አላሳፈረችም፤ ሻምበል የተወውን ሳህን ሳይቀር ልሳ ታጥበዋለች።

የእንስሳት ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ ነበር። የውሻውን ድድ ገልጦ አየ፣ ጀርባውን ቆንጥጦ ለቀቀ። ኩላሊቱ ድሮም ደካማ መሆኑን ተናገረና ልጅቱን ወደ ኮሪደሩ ጠራት። «እስከ እሁድ ጠዋት ካልበላ ማሰቃየት ነው። ደውሉልኝ፣ የሚያሳርፈውን መርፌ ይዤ እመጣለሁ» አላት።

ሹፌሩ ስልክ ቁጥሩን ለመጻፍ የወጥ ቤቱን መሳቢያ በረበረ። ከማንኪያዎቹ መሐል አንድ ሰማያዊ የእስክሪብቶ ክዳን አገኘ። «ክዳን አለ፣ እስክሪብቶ የለም! የሷ ቤት እንዲህ ነው» አለና መልሶ ወረወረው።

ነገሩ የውሻ ብቻ አልነበረም። ረቡዕ ዕለት፣ አፈሩ ገና ሳይደርቅ፣ ሹፌሩ በሰው ሁሉ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኔ በሕይወት እያለሁ የእህቴ ውሻ አንድ ቀን ጦሙን አያድርም!» ብሎ ነበር። ድምፁ ከዚያ ቀደም የተቀበሩትንም ሳይቀሰቅስ አልቀረም። ይኸው አሁን ውሻው እህል ሳይቀምስ ሁለተኛ ቀኑ ነው። በዕድሜው ብዙ ነገር ተናግሮ አንዱንም ሳያደርግ ኖሯል፤ ያኔ ግን እህቱ ስለነበረች አንዱም አላሳፈረውም።

ለምሳሌ ይኼ ከረጢት።

ከአምስት ዓመት በፊት ከሩቅ ጉዞ ሲመለስ አሥራ አምስት ኪሎ የውጭ አገር የውሻ ምግብ ገዝቶ መጣ። ወርቃማ ከረጢት ነው፤ ላዩ ላይ ከሰው ያማረ ጥርስ ያለው ውሻ ይስቃል። መኪናውን በሩ ላይ ማቆም ሲችል ሆን ብሎ ጥጉ ላይ አቆመና ሰፈሩ እንዲያየው ከረጢቱን በትከሻው ተሸክሞ ገባ።

«እታለም! ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ ይመጣልሻል። ስለ ስፌትሽ ብቻ አስቢ፣ የሻምበል ቀለብ የኔ ነው!»

እህቱ የባህር ማዶውን ውሻ ጥርስ አየችና ሳቀች። «ወንድምዓለም፣ ይኼ እኮ ከኔ የተሻለ ጥርስ አለው።» ከዚያ ከረጢቱን ወጥ ቤት ጥግ፣ ሥዕሉን ወደ በሩ አዙራ አቆመችው።

በሚቀጥለው ወር ጎማ ፈነዳበት። በሦስተኛው ልጁ ታመመ። በአራተኛው ምንም አልሆነም፣ ረሳው እንጂ። ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር ግን ከረጢቱ ከነሥዕሉ እዚያው ጥግ፣ እስከ ግማሽ ሞልቶ፣ አፉ ሁለቴ ታጥፎ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ይጠብቀዋል። አንዴ ጨክኖ ጠየቃት።

«አላለቀም እንዴ?»

«ያንተ እጅ በረከት አለው» አለች ከመርፌዋ ቀና ሳትል።

እሷው ራሷ እየገዛች ትሞላዋለች ማለት ነው ብሎ ደመደመ፤ ሥራ አላት፣ ደንበኛ አላት። በየመንገዱ ሻይ ቤት ግን «የእህቴን ውሻ የማበላው እኔ ነኝ፣ በየወሩ አሥራ አምስት ኪሎ!» ይል ነበር። በኋላ በኋላ ሃያ ኪሎ ደረሰ።

ረቡዕ ዕለት ከቀብር ሲመለሱ ከረጢቱ ሥር የቀረችውን አንድ ሳህን የማትሞላ ፍሬ ለሻምበል ገለበጠለት። ያችን በላ፤ ሳህኑንም ላሰ። ሐሙስ ጠዋት ሹፌሩ ሮጦ ሄዶ ያንኑ ወርቃማ ከረጢት፣ ያንኑ የሚስቅ ውሻ ገዝቶ መጣ። ሻምበል አሸተተውና ፊቱን አዞረ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ነርሷ ስልኳን እያገላበጠች «ነገ ለሐኪሙ እንደውል?» ስትለው አሮጌውን ከረጢት አጣጥፎ በብብቱ ሥር ይዞ ተነሳ።

«ወዴት ነው?»

«ልጣላ! የተበላሸ ነው የሸጡልኝ።»

የእንስሳት ምግብ መሸጫው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ ሱቅ ነው፤ መደርደሪያው ግን ጣሪያ ይነካል። ለቡችላ አለ፣ ለሽማግሌ አለ፣ ጸጉሩ ለሚረግፍ፣ ለወፈረ፣ ከቤት ለማትወጣ ድመት፣ ሆዱ ለሚነፋ፣ ለኩላሊት።

«ለሚያኮርፍ የለም?» አለ ሹፌሩ።

መነጽር ያደረገችው ባለ ሱቅ ቁጣውን እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ አሮጌውን ከረጢት ተቀበለች፣ ሥሩን ገልብጣ አነበበች።

«አባባ፣ ይኼ ጊዜው ካለፈ አራት ዓመት ሆነው።»

«ምን?»

«ተመልከት፣ ተጽፏል።» ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ውስጥ አስገባች። «ደግሞ ይኼ የፋብሪካ ሽታ አይደለም። ጉበት ነው የሚሸተኝ። እህትህ ውስጡ ሌላ ነገር ታስቀምጥ ነበር እንዴ?»

ሹፌሩ ከረጢቱን ተቀብሎ አሸተተ። ከዚያ የኩላሊቱ ምግብ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ስትነግረው ለመኪናው የፊት ጎማ የሚበቃ መሰለው።

«ትልቁን ነው ወይስ ትንሹን?»

«ትንሹን» አለ፣ አንገቱን አቀርቅሮ። ይኼን ቃል ከዚያ በፊት ከአፉ የሰማ የለም።

ሻምበል ትንሹንም አልነካ። ወይዘሪት ሞከረችው፣ አልጣማትም። ጅራቷን አቁማ ወደ ወጥ ቤት ሄደችና ኦቨኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ የተዘጋውን በር አፍጥጣ እያየች አንድ ጊዜ ጮኸች።

«ምን ሆነች ደግሞ ይቺ?» አለች ነርሷ። «ሐሙስም ዓርብም እዚያ አልተቀመጠችም።»

ከሰዓት በኋላ ባለ ሉካንዳው መጣ። የጥጉ ሥጋ ቤት ባለቤት ነው፤ ሆዱ ቀድሞት ይገባል፣ እሱ ይከተላል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጁ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አለ። ወንበር ሲያቀርቡለት አልተቀመጠም።

«እግዜር ያጽናችሁ» አለ። «ባዶ እጄን መምጣት ከበደኝ። የቅዳሜውን ይዤ መጣሁ።»

«የምን ቅዳሜ?» አለ ሹፌሩ።

«የሻምበልን ነዋ! አንድ ኪሎ ሳንባ፣ ግማሽ ኪሎ ጉበት። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። ዛሬ ጠዋት እጄ ራሱ ጠቀለለው፣ ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ።» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ገንዘብ አላመጣሁም፣ ሥጋ ነው ያለኝ። ተቀበሉኝ።»

ሻምበል ከስፌት መኪናው ሥር የቆመውን ጆሮውን ወደ ወረቀቱ አዞረ።

«ምን ታደርገው ነበር?» አለች ነርሷ፣ ቀስ ብላ።

«ቀቅላ ከሩዝና ከዱባ ጋር ትፈጨዋለች። ከዚያ ጠፍጥፋ፣ ትንንሽ ክብ ክብ ቆራርጣ በኦቨን ታደርቀዋለች። ልክ የውጭውን አስመስላ! አንድ ቀን በእቃ ይዛ ሱቅ መጣች፤ ብስኩት መስሎኝ እፍኝ ሙሉ በላሁ። ‹ጨው አነሰው እንጂ ቆንጆ ነው› ብላት ‹ለኩላሊቱ ጨው አይሆንም› አለችኝ።»

አስተማሪዋ በሳቅ ትን አላቸው። ሌሎቹም ሳቁ፤ ከረቡዕ ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ሹፌሩ ብቻ አልሳቀም።

«ለምን ግን በከረጢቱ?» አለ። «ለምን በሌላ ዕቃ አላስቀመጠችውም?»

ባለ ሉካንዳው ወደ ነርሷ አየ፣ ወደ ጣሪያው አየ፣ መውጫ አጣ።

«እኔም ጠይቄያት ነበር። ‹ወንድሜ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ባዶውን አይቶ እንዳያፍር› አለችኝ። እንግዲህ አትቀየመኝ፣ እሷ ናት ያለችው።»

ሹፌሩ ወረቀቱን ተቀበለ። ሳንባና ጉበት ብቻ ያለበት አይመስልም፤ በሁለት እጁ ነበር የያዘው።

ወጥ ቤት ገቡ። ልጅቱ ቀቀለች፣ እሱ ዱባ ላጠ፤ የላጠው ዱባ ከልጣጩ ያነሰ ሆነ። ሩዙ ሥሩ አረረ። የሥጋ መፍጫውን እጀታ ሲያዞር የከባድ መኪና መሪ የያዘ ይመስል ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ጠፍጥፈው ሲጨርሱ ልጅቱ ቢላዋ አነሳች።

«ቆይ» አለና መሳቢያውን ከፈተ። ሰማያዊውን የእስክሪብቶ ክዳን ከማንኪያዎቹ መሐል አወጣ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ውስጡን አየ። ጠርዙ ላይ ቡናማ የደረቀ ቀለበት አለ። እየጫነ ቆረጠ፤ አንዱ ሞላላ፣ አንዱ ጠማማ፣ አንዱ ጭራሽ ቅርጽ የሌለው ሆነ።

«እማዬ በአራት ዓመት ስንት ቆርጣ ይሆን?» አለች ነርሷ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁጥር ይጠራላት ነበር፤ ሚሊዮንም አያንሰው። «እንጃ» አለ።

ኦቨኑን ከፍቶ ትሪውን ሲያስገባ ወይዘሪት ከነጅራቷ ቆመች።

ሲደርቅ አውጥተው አቀዘቀዙት። ልጅቱ የሻምበልን ሳህን ይዛ መጣች። ሹፌሩ ግን አሮጌውን ወርቃማ ከረጢት አነሳ፣ አፉን ከፈተና ትሪውን ወደ ውስጡ ገለበጠ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ከሳህን ነው የሚበላው።»

የከረጢቱን አፍ ሁለቴ አጠፈ፣ በመቆንጠጫ ያዘው። ከዚያ ፈታው፣ ከረጢቱ ተንኮሻኮሸ፤ ጥቂት ፍሬም ሳህኑ ላይ ገለበጠ።

ከስፌት መኪናው ሥር የጥፍር ድምፅ ተሰማ። ሻምበል በለቀስተኞቹ እግር መሐል እየተንገዳገደ መጣ፣ ሳህኑ ፊት ቆመ። ጠማማዋን ፍሬ አሸተተ። ቀና ብሎ ከሹፌሩ ጀርባ ወዳለው በር አየ፤ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አንዷን አነሳ፤ ስትሰበር ቀጭ አለች።

ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ቆጠረ።

«ስንት በላ?» አለች ነርሷ ከኋላው፣ ስልኳን እንደያዘች። «ለሐኪሙ ልንገረው።»

ሰባ ቢል ማንም አይቆጥርበትም ነበር።

«ሰባት» አለ። ልክ ሰባት ነበር።

አስተማሪዋ ስኒያቸውን ሊያስቀምጡ ወጥ ቤቱ በር ላይ ደርሰው ወርቃማውን ከረጢት አዩ። «በላ? ተመስገን! ያንተው የውጭው ምግብ ነው?»

«የእሷ ነው» አለ ሹፌሩ።

አፉን መልሶ ሁለቴ አጠፈ፣ በመቆንጠጫው ያዘው፣ ጥጉ ላይ አቆመው። ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመለሰና የሚስቀውን ውሻ ወደ በሩ አዞረው።