የሃውታላ ቤት ሳሎን የቀዘቀዘበት ሰሞን

ሬይኖ ሃውታላ ከማዕድን ማውጫው ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር እንዲበላሽለት በልቡ የሚመኝ ሰው ሆኖ ነበር። የማይጮኸውን ማጠፊያ ዘይት ይቀባል፤ የማያፈሰውን ቧንቧ ያጠብቃል። ስለዚህ በጥር፣ ከሐይቁ የመጣው በረዶ መስኮት ደፍ ላይ በደረሰበት ሰሞን፣ የሳሎኑ ምድጃ ማራገቢያ አቃስቶ ጸጥ ሲል፣ ፊቱ ላይ የታየው ሐዘን አልነበረም። ሚስቱ ሌምፒ ይህን ልብ አለች።

ምድጃው በድሮው የድንጋይ እሳት ማንደጃ ውስጥ የተሰካ የብረት ሣጥን ነው። እንጨት ሲነድበት ብረቱ ይግላል፤ ከሥሩ ያለው ማራገቢያ ደግሞ የሞቀውን አየር ወደ ቤት ይገፋዋል። ማራገቢያው ካልሠራ የሚሞቀው ድንጋዩ ብቻ ነው።

ሬይኖ የማያፈርሳት አንዲት ሕግ ነበረችው፤ እሳትና ኤሌክትሪክ በአንድ ላይ አይነኩም። እሳቱን አጥፍቶ፣ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ካቻቢቴውን ይዞ በሆዱ ተኛ። ማራገቢያውን ሲያወጣው ክንፎቹ በድመት ጸጉር ከመጠቅለላቸው የተነሳ ሹራብ የለበሱ ይመስሉ ነበር። ሌምፒ ከበላዩ ቆማ፣ ድመቷ ራሷ እዚያ ውስጥ እንዳትኖር ደህና አድርጎ እንዲፈትሽ መከረችው። ሬይኖ ጸጉሩን ነቃቅሎ፣ በብሩሽ ጠርጎ፣ መልሶ ገጠመና ማብሪያውን ተጫነ። ምንም የለም።

በማግስቱ የሌምፒ ወንድም ዋይኖ ተጠራ። ዋይኖ በወጣትነቱ አንድ ክረምት ከመብራት ሠራተኞች ጋር ሠርቶ ነበር፤ ስለዚያ ክረምት ማውራቱን ግን እስከ ዛሬ አልጨረሰም።

“ሞተሩ ሞቷል” አለ፣ ገና ኮቱን ሳያወልቅ።

“ሳታየው?” አለ ሬይኖ።

“በሩ ላይ ነው ያወቅኩት። እዚህ ቤት ዝም የሚል ሰው የለም፤ ዝም ያለው ሞተሩ ነው ማለት ነው።”

ማራገቢያውን አውጥተው በቀጥታ ከሶኬት ጋር ሲያገናኙት ግን ሞተሩ ተነሥቶ ውስጡ የቀረውን አመድ በሙሉ ዋይኖ ጢም ላይ አራገፈው።

“ለሞተ ሰው ደህና ይተነፍሳል” አለ ሬይኖ።

ቦታው ሲመልሱት እንደገና ዝም አለ። ዋይኖ ጥፋቱን ከሞተሩ ወደ ሽቦው አዛወረና ሽቦ ሲፈታና ሲያጠብቅ ዋለ። ቀጥሎ ጥፋቱ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ሆነ፤ ከተማ ወርዶ አዲስ ገዝቶ መጣ። እሱንም ገጠሙት፤ ለውጥ የለም። ያ ሁሉ ሲሆን በሬይኖ ሕግ መሠረት አንዲት ፍልጥ አልነደደችም፤ ሁለቱም ሲሟገቱ ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣ ጀመር።

ሌምፒ አልተሟገተችም። ሹራብ ሥራዋን፣ የቡና ማንቆርቆሪያዋንና ድመቷን ይዛ ጓሮ ወዳለው ሳውና፣ ወደ እንፋሎት መታጠቢያ ቤታቸው፣ ገባች። የሳውናውን ምድጃ አንድዳ በሩን ዘጋች። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ ወንዶች አፍንጫቸው ቀልቶ በሩን አንኳኩ።

“ግቡና ቶሎ ዝጉት” አለቻቸው። “ይኸውላችሁ፣ እዚህ ማራገቢያ የሚባል ነገር የለም፤ ግን ይሞቃል። ሁለት ባለሙያዎች ናችሁና እስቲ ምክንያቱን ንገሩኝ።”

“እሳት ስላለ ነዋ” አለ ዋይኖ እጁን እያፋተገ። “ይሄ ምን ባለሙያ ይፈልጋል?”

ሬይኖ የቡናው ስኒ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ምድጃውን ሲገዙ በገዛ እጁ ከብረቱ ጋር ያጣበቃት ሳንቲም የምታህል ክብ ነገር ትዝ አለችው። ብረቱ ሲግል ኤሌክትሪኩን ታገናኛለች፤ ሲቀዘቅዝ ትቆርጣለች። ምድጃው ካልሞቀ ማራገቢያው ማንም ቢለምነው አይነሣም። ማራገቢያው የዳነው ገና በመጀመሪያው ቀን፣ የድመቷ ጸጉር ሲነቀል ነው። ከዚያ በኋላ የታከመው ጤነኛ ነበር።

ስኒውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ነገ ልጃቸው አይሊ ስለምትመጣ፣ ማራገቢያው ቢሠራም ባይሠራም ሳሎኑ ውስጥ እሳት መንደድ አለበት ብሎ ወጣ። እነሱም ተከተሉት። እንጨቱ ተያያዘ፣ ብረቱ እየጋለ ሄደ፤ ሾርባ ቀርቦ ሲበሉ ከምድጃው በኩል ቀጭን ድምፅ ቀጭ አለና ማራገቢያው ተነሣ። የሞቀው አየር የሌምፒን ቀሚስ ጫፍ አወዛወዘው።

ዋይኖ ማንኪያውን ወረወረ። “ሽቦዋ ናት። ያቺ ያጠበቅኳት ሽቦ፤ እስክትላመድ ነበር።”

ሬይኖ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። “እጅህ ይባረክ” አለ በመጨረሻ።

ሌምፒ ባሏን ትኩር ብላ አየችው። ዋይኖ ደረቱን ነፍቶ ከሄደ በኋላ ሳህን እያጠበች፣ “አንተ፣ አሞሃል እንዴ? ወንድሜን ስታመሰግን ስሰማህ የመጀመሪያዬ ነው” አለችው። ሬይኖ የሳህን ማድረቂያውን ጨርቅ እያጣመመ ነገራት። የሳንቲሟን ነገር አንድ ሳታስቀር።

“ታዲያ ለሱ ለምን አልነገርከውም?”

“ቀዝቃዛ ምድጃ ፊት ተንበርክኬ መክረሜን ዕድሜ ልኩን ከሚያወራብኝ፣ እሱ ጀግና ቢባል ይሻለኛል።”

ሌምፒ እጇ በሳሙና እንደተነከረ ሳቀች፤ ከሳቋ ብዛት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ እሱም ሳቀ።

እሑድ ምሳ ላይ ዋይኖ ቤቱን ከብርድ እንዴት እንዳዳነ ለአይሊ አንድ በአንድ ተረከላት። አይሊ ተደነቀች። ሬይኖ አቀርቅሮ ድንቹን ይቆርጥ ነበር።

ሌምፒ የሥጋውን ሳህን ወደ ባሏ ገፋ አደረገችለት። “ሬይኖ፣ ምን ታቀረቅራለህ? ለባለሙያው ጨምርለት እንጂ።”