ያካፈልኩት ተሞክሮ

አባታችን ሲሞቱ፣ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉባቸውን ዛፎች ሽማግሌዎች ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ለቢሻው በዕጣ አካፈሉን። ወንዙ ዳር ያሉት፣ ንብ የሚወዳቸው የገተማ ዛፎች ለእኔ ወጡ። ለቢሻው የወጡለት ጋራው ላይ ያሉት፣ ነፋስ የማይለቃቸው ዛፎች ናቸው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ቢሻው ቀፎ ሲያዘጋጅ ማየት ነው! ውስጡን ያጥናል፣ ቅጠል ያሽበታል፣ ገመዱን ይዞ ሲወጣ ጦጣ ያስንቃል። እኔ ሰነፍ ነኝ፤ ሳላጥን የሰቀልኩት ቀፎ እንኳ ንብ ይገባበታል። የእሱ ከአሥሩ አንዱ ቢያዝ ነው። “ምን ላርግ፣ ዕድሌ ነው” ይልና ይስቅ ነበር። የእኔ ማር ሲቆረጥም መጥቶ አብሮኝ ይበላል፤ ቅር አይለውም።

አምና ሞዴል አርሶ አደር ተባልኩ። ቦንጋ አዳራሽ ውስጥ ማይክ አስጨብጠው “ተሞክሮህን አካፍል” አሉኝ። ዕጣውን ልናገር አስቤ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ያን ያህል ሰው ፊት ቆሞ “ዕጣ ወጣልኝ” ይባላል? አፌ እንዳመጣልኝ “ጽናት ነው! ያልሰነፈ ሰው ንብ አያጣም” አልኩ። ጭብጨባው ቀለጠ። ቢሻው ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከጎኑ ካለው ሰው እስክሪብቶ ተውሶ ይጽፍ ነበር።

በዚያው ዓመት አርባ ቀፎ ሠራ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል። ሚስቱ ሰብሌ “ተው በለው፣ አንተን ይሰማል” ብላ ለመነችኝ። በምን አፌ! አርባውንም ጋራው ላይ ሰቀለ። ንብ የገባው ሁለቱ ውስጥ ብቻ ነው። ዘንድሮም ደገመ፤ ዘንድሮ ሦስት። ዕድሌ ነው ማለቱን ትቷል፤ መሳቁንም።

ባለፈው እሑድ ቤቱ ሄድኩ። ደጁ ላይ ተቀምጦ አንድ ባዶ ቀፎ ያገላብጣል።

“ጋሼ፣ ዛፎቹን እንለዋወጥ” አልኩት። “አንተ ወንዙ ዳር ስቀል። የእኔ እኮ ዕጣ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።”

“እንዲህ አትበል!” አለ ተቆጥቶ። “ለፍተህ ያገኘኸውን? ለእኔ አዝነህ ነው እንጂ።”

እንባዬ መጣ። እሱ ግን አላየኝም፤ ቀፎውን ወደ እኔ አስጠጋው።

“እስቲ እየው፣ ፍቅሩ፤ እንዳትደብቀኝ” አለኝ። “የቱ ጋ ነው የሰነፍኩት?”