ደመወዝተኛ የሌለበት ቤት

ታይፒስቷ ጡረታ ከወጣች ጀምሮ አበሏ ንቅንቅ አላለም። የቤት ግብሩ ግን በየዓመቱ ሽቅብ ነው። ሁለት ዓመት ሳትከፍል አሳለፈች። ሦስተኛው ካለፈ ቤቱ ለጨረታ ይወጣል።

ለጡረተኞች ቅነሳ መጣ ሲባል ከሁሉ ቀድማ ተሰለፈች። የተፈቀደለት ሰው ግብሩ በግማሽ ይቀነስለታል፣ ውዝፉም ይሰረዝለታል። ቅጹ ላይ ያለች አንዲት መስመር ብቻ አስቸገረቻት፦ ቤቱ ውስጥ ደመወዝተኛ መኖር የለበትም።

ልጇ ነርስ ናት። ትዳሯ ፈርሶ እናቷ ቤት ከተመለሰች ከርማለች። ደመወዟን ባሏ በስሟ ተበድሮ የጠፋበት ዕዳ ይበላዋል። የተረፈችው ለእናቷ መድኃኒት ትውላለች። ወረቀት ላይ ግን ደመወዝተኛ ናት።

«እና ምን ልሁን? ልትነን?»

«ማን ትነኚ አለሽ? ዕቃሽን ጎረቤት እናሸሻለን፣ አንቺ ሥራ ትገቢያለሽ፣ ሊያጣራ የሚመጣው ሰውዬ አይቶ ይሄዳል። አለቀ።»

ማክሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪው መጣ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ጉልበቱን እያሻሸ የሚራመድ ሰው ነው። ቁም ሳጥን ከፈተ። አልጋ ስር አጎንብሶ ጫማ አየ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ የጥርስ ብሩሽ ቆጠረ። አንድ።

«ብቻዎን ነዎት እማማ?»

«ከግድግዳው ጋር።»

ይሄኔ በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ናት፣ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች። እናቷ ሲጨንቃት የደም ግፊቷ እንደሚነሳ ስለምታውቅ አንድ ሰዓት አስፈቅዳ፣ መለኪያ ይዛ እየሮጠች ነው የመጣችው። ሰውየው የሄደ መስሏታል።

ታይፒስቷ ቀደመች። «ነይ የኔ ነርስ! ከጤና ጣቢያ ናት፣ ግፊቴን ልትለካ። አልፎ አልፎ ብቅ ትልልኛለች፣ ትባረክ።»

ልጅቷ እሱንም እሷንም አየች። «እንዴት አደሩ እማማ። ክንድዎን ይስጡኝ።»

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ገለበጠ። «አንዲት ልጅ አለችዎት ይላል።»

«ሌላ ቦታ ነው የምትኖረው» ብትል በቂ ነበር። አላለችም።

«ወለድኩ ልበልህ? አታግቢው ብዬ ለመንኳት፤ አልሰማ አለች። ባሏን መያዝ አቃታት። ልጅ እንኳ አልወለደችም። ዕዳ ታቅፋ ቀረች። አሁን ሰው ስለሷ ሲጠይቀኝ አንገቴን ነው የምደፋው።»

ሰውየው መጻፉን ትቶ ያዳምጣል። ታይፒስቷን ሰው እንዲህ ካዳመጣት ስንት ዘመኗ! ጣፈጣት።

«እዚህ የነበረች ጊዜ ፊቷን አጨፍግጋ ስትንጎራደድ እሷን ማየት ራሱ ሕመም ነበር። እንኳንም ሄደችልኝ!»

ልጅቷ አየር እየነፋች ነው። ጨርቁ የእናቷን ክንድ ጨመቀ፣ ደሞ ጨመቀ።

«አይናገሩ» አለች። «ልኬቱ ይዛባል።»

አየሩ ፉስስ ብሎ ወጣ።

«ስንት ሆነ?» አለ ሰውየው።

«ደህና ናቸው። እንዲህ ወርዶላቸው አያውቅም።»

ሰውየው ፈረመ። «እኔም ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ» አለ እየተነሳ። «በየዓመቱ መጥተን እናጣራለን፤ ለእርስዎ ግን ችግር የለውም።» በር ላይ ሲደርስ ወደ ነርሷ ዞረ። «ልጃቸው ያንቺን ሩብ ብትሆን!»

እንደወጣ ታይፒስቷ አጨበጨበች። «አየሽው? ሊያለቅስ ምንም አልቀረው! ከዛሬ ጀምሮ ጨረታ የለ፣ ምን የለ!»

ልጅቷ መለኪያውን ትጠቀልላለች።

«ምን ሆንሽ? ለቤቱ ብዬ እኮ ነው።»

«አግቢው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እሱን ለማሳመር ነው የጨመርኩት!»

«ሌላውስ?»

ታይፒስቷ አፏን ከፈተች። «ውሸት ነው» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል። አልመጣላትም። ሲመጣላት ልጅቷ ግቢውን ወጥታ መንገዱን ይዛለች።

ማታ አልመጣችም። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ራሷ ደወለች።

«ከአንዲት የሥራ ጓደኛዬ ጋ ገብቻለሁ።»

«ኧረ ተይ! ጨዋታ ነው እኮ። ነይ ወደ ቤትሽ።»

«በየዓመቱ እናጣራለን ብሏል፤ ሰምተሻል። በመጣ ቁጥር ዕቃ ስናሸሽ ልንኖር ነው?»

«ታዲያ ያኔ እንነጋገርበታለን። ዛሬ ነይ።»

በስልኩ ከልጅቷ ጀርባ የሰው ሳቅ ይሰማል።

«ግፊትሽን ጤና ጣቢያ ተለኪ» አለች ልጅቷ። «ሐሙስ ሐሙስ ለጡረተኛ በነፃ ነው። በጠዋት ሂጂ፣ ወረፋ አለው።»