ሳይጠይቁሽ አትስጪ

«መልህቁን አትደገፊው፣ ዝገቱ ልብስሽን ያበላሸዋል» አለች ሙዝና።

«ልብሴ ከወንድሜ አይበልጥብኝም» ብላ አክስቷ ዙወይና ይባስ ተመቻችታ ተደገፈች።

የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። ወንዶቹ መስጊዱ አጠገብ ባለው አዳራሽ ከሙዝና ወንድም ከራሺድ ጋር ይቀመጣሉ፤ ሴቶቹ ወደ ቤት ይመጣሉ። ሳሎኑ ሲሞላ በመሃሉ በር አልፈው ወደ ሙዚየሙ ይገባሉ። የወደብ ከተማዋ የሱር ሰው በሟቹ በአባቷ ስም «የኸልፋን ሙዚየም» የሚለው ይህን ወደ ባሕሩ የዞረ አንድ ረጅም ክፍል ነው። መልህቅ አለው፣ ኮምፓስ አለው፣ የባሕር ጥልቀት የሚለካበት እርሳስ ከነገመዱ ተንጠልጥሎበታል። የመርከብ እንጨት የሚቀባበት የሻርክ ዘይት ሽታ ደግሞ ከግድግዳው አልወጣ ብሎ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ከሩቅ የመጣች ለቀስተኛ አፍንጫዋን በሻሿ ሸፈን ታደርጋለች። የከተማዋ አሮጊቶች ግን እንባቸው የሚመጣው ይኼ ሽታ ሲሸታቸው ነው፤ አባቶቻቸው ከጉዞ ሲመለሱ የሚሸቱት እንዲህ ነበር።

ሙዝና ገና አላለቀሰችም። ልቧ ደንድኖ አይደለም። ሐሳቧ ሁሉ ጥጉ ላይ የተቀመጠው ሣጥን ዘንድ ስለነበረ ነው።

ሣጥኑ ጥቁር ነው፣ በነሐስ ምስማር ያጌጠ፣ መርከበኞች ከአፍሪካ ጠረፍ ያመጡት ከነበረው ዓይነት። ሙዝና ተከፍቶ አይታው አታውቅም። ሌላው ዕቃ ሁሉ የማን እንደነበረ፣ ከየትኛው መርከብ እንደመጣ ተጽፎበታል፤ ሣጥኑ ላይ ግን አባቷ በእጁ የጻፋት አንዲት ቃል ብቻ አለች፦ «አማና»። አደራ ማለት ነው።

ሆስፒታል በተኛበት የመጨረሻ ማታ አባቷ እጇን ይዞ፣ «አማናውን ሳይጠይቁሽ አትስጪ። ሲጠይቁሽ ደግሞ አትያዢ» ብሏት ነበር።

«የማን ነው አባዬ?»

«ባለቤቱ ያውቃል።»

በነጋታው፣ ማክሰኞ፣ ሞተ። ያኔውኑ ቀበሩት። ራሺድ እንደ ወጉ መቃብሩ ራስጌ ቆሞ፣ «አባቴ ላይ ሐቅ ያለው፣ አባቴ ዘንድ ንብረት ያለው ይምጣ፣ እኔ አለሁ» አለ። ሰዎች መጡ። አንዱ ዓሣ አጥማጅ መረቤ እሱ ጋ ነበር አለ፤ ተገኘለት። አንድ አናጢ መጥረቢያውን ለሁለት ተሰብሮ ስላገኘው፣ «ኸልፋን አይደል፣ ይቅር ብዬዋለሁ» ብሎ ስባሪውን ይዞ ሄደ። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም የነሱን ጀበና ይዛ መጣች፤ ወስዳ ረስታው ኖራ። ሣጥኑን ግን የጠየቀ የለም።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ሙዝና ሒሳብ አስተማሪ ነች፣ ሁሉን ነገር የምታምን ዓይነት ሴት አይደለችም። ያም ሆኖ አደራ አንገቱ ላይ እንዳለ የተቀበረ ሰው እረፍት እንደማያገኝ ከልጅነቷ ሲነገራት ኖራለች፤ ይህን ከማመን ደግሞ ሒሳብ አይከለክልም።

ከቀትር በኋላ ራሺድ ምሳ የተላከበትን ትሪ ሊመልስ መጣ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«የዋና ከተማው ሙዚየም ሰውዬ ለቅሶ ደርሶ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፣ ቁጭ ብሎ ቁርኣን ቀራ። ዝርዝሩን ሰጠኝ። መኪናው ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል።»

አባታቸው ዕቃው ሁሉ ከእሱ በኋላ ወደ አዲሱ ትልቅ ሙዚየም እንዲሄድ ፈርሞ ነበር። ሙዝና ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች ወረደች። ሠላሳ አንደኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። «‹አማና› ከተባለችው መርከብ የተገኘ ሣጥን» ይላል።

«ራሺድ፣ ይኼ እኮ መርከብ አይደለም። አደራ ነው።»

«ሰውዬው ያነበበውን ጻፈ። አባባ ሲፈርም መነጽሩን ረስቶ ነበር መሰለኝ።»

«እንግዲያው ከዝርዝሩ አውጣው።»

«ለማን ብዬ ላውጣው? ባለቤቱ ይምጣና በራሴ ተሸክሜ ቤቱ አደርስለታለሁ። ካልመጣ ግን የአባቴን ፊርማ አላጥፍም። እሱም ቃል ነው፣ ያም ቃል ነው። እኔ የቱን ልያዝ?»

ሙዝና ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ራሺድ ለመከራከር ሳይሆን ለመታገዝ ነበር የጠየቀው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

እሱ ሲወጣ ዙወይና ጠጋ አለቻት። ዙወይና ሹክሹክታ ስትል ጎረቤት ይሰማል።

«ሻምሳ እስካሁን አልመጣችም፤ ልብ ብለሻል?»

«ልብ ብያለሁ።»

«ሠላሳ ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ከዚህ ቤት ሳትጠፋ ለቅሶው ሲሆን ትጠፋ! ያፈረች ትመስላለች። እኔ ምንም አላልኩም፤ የሰው አፍ ነው የሚለው።»

ሙዝና የሰው አፍ የሚለውን ታውቃለች። ሰው ሁሉ በአክብሮት «ቢቢ» የሚላት ሻምሳ ባሏ በባሕር ከቀረ ጀምሮ ብቻዋን የኖረች ሴት ነች። ሐሙስ ከአስር ሰላት፣ ከከሰዓት በኋላው ስግደት፣ በኋላ ትመጣለች። ሙዚየሙ ውስጥ ሣጥኑ አጠገብ ካለው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ኸልፋን ገመድ እየቋጨ ስለ ነፋስና ስለ ዓሣ ያወራታል፣ እሷ ሦስት ፍንጃል ቡና ጠጥታ ትሄዳለች። በቃ። ግን ሐሙስ ማታ የሙዝና እናት ዓሣው ላይ ጨው ታበዛ ነበር። አባቷ ያን ዓሣ ምንም ሳይል ይበላዋል። ሙዝና ልጅ ሆና ጨው የሐሙስ ወግ ይመስላት ነበር። ካደገች በኋላ ምን እንደሆነ ገባት፣ ወይም የገባት መሰላት። እናቷ ከሞተች አሥር ዓመቷ ነው፤ ሙዝና ግን እስከ ዛሬ ለቢቢ ሻምሳ ቡና ስትቀዳ እጇ ደስ ብሎት አያውቅም።

ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። አስር ሰላት ተሰግዶ ሲያልቅ ቢቢ ሻምሳ በር ላይ ቆመች።  «አላህ ምንዳችሁን ያብዛው» ብላ እየዞረች ሁሉንም ሳመች፣ ዙወይናንም ጭምር። ከዚያ እግሯ እንደለመደው ወደ ጥጉ ሄዳ ዝቅተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሄል የበዛበት ቡና ተቀዳላት። በቀኝ እጇ አንጓ ላይ ሥጋዋ ውስጥ የሰመጠ የሚመስል የብር አምባር አለ።

«ሁለት ቀን ጠፋሽብን ቢቢ» አለች ዙወይና፣ ማር በተቀባ ድምፅ።

«የኔ ቀን ሐሙስ ነው።»

ሙዝና ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች። ለምን እንዳወጣችው አታውቅም። ምናልባት አሮጊቷን ለማስቀየም ሳይሆን አይቀርም። «ቅዳሜ ዕቃው ይሄዳል ቢቢ። ሁሉም። ይኸው፣ ሠላሳ አንደኛ፣ ‹አማና ከተባለችው መርከብ የተገኘ ሣጥን።›»

ቢቢ ሻምሳ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች። በለቅሶ ቤት፣ ጥርስ በሌለው አፏ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«አማና የምትባል መርከብ! ኸልፋን ይህን ሳይሰማ ሞተ! ልጄ፣ ከሱር ተነስታ የሄደችውን መርከብ ሁሉ በስሟ አውቃታለሁ። አማና የምትባል የለችም። ይኼ የሲናን ሣጥን ነው።»

«ሲናን... ባልሽ?»

«የሁለት ወር ባሌ። እሱና አባትሽ በተለያየ መርከብ ዛንዚባር ወርደው ነበር። የኸልፋን መርከብ ቀድማ ትመለስ ስለነበር ሲናን ይህን ሰጠው፤ ‹ለሻምሳ ነው፣ አድርስልኝ› ብሎ። አባትሽ ተሸክሞ ደጄ ድረስ መጣ። ‹ሲናን ራሱ መጥቶ ይክፈትልኝ፣ እስከዚያ አንተ ጋ ይሁን› አልኩት። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ መሽኮርመሜ ነው። ከዚያ ማዕበሉ መጣ። የሲናን መርከብ ሳትመለስ ቀረች።»

ፍንጃሏን ዘረጋች፤ ሙዝና ቀዳችላት።

«በዓመቱ አባትሽ ሣጥኑን ይዞ እንደገና መጣ። እኔ ደግሞ ጮህኩበት። ከወሰድኩት ሞቷል ማለት ነው። ‹አማና ነው፣ ባለቤቱ ይምጣና ይውሰድ› አልኩት።  ‹እስክትጠይቂኝ› ብሎኝ ሄደ። አርባ ስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ውሰጂ አላለኝም። ይህን ክፍል ሙዚየም ሲያደርገው ደስ አለኝ፣ እየመጣሁ ላየው እችላለኋ።»

«እናቴ ይህን ታውቅ ነበር?»

ቢቢ ሻምሳ ወደ ፍንጃሉ አየች። «አልጠየቀችኝም። እኔም ያልተጠየቅሁትን አልናገርም ብዬ ኮራሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። በዚያኛው ዓለም አግኝቻት ይቅርታ እላታለሁ።»

ዙወይና መልህቁን ትታ ቀና ብላ ተቀምጣ ነበር። አንዲት ቃል አልወጣትም፤ ይህ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

አሁን ሙዝና ባለቤቱን ታውቃለች። «ውሰጂው» የምትለው ቃል አፏ ላይ መጥታ ቆመች፤ አባቷ ግን ሳይጠይቁሽ ብሏል። አርባ ስድስት ዓመት የጠበቀውን ቃል እሷ በሦስተኛው ቀን ልታፈርሰው ነው? ጥርሷን ነክሳ ሦስተኛውን ፍንጃል ቀዳች። ቢቢ ሻምሳ ጠጣች። ፍንጃሉን በጣቶቿ ነቅነቅ አደረገች፣ በቃኝ ማለት ነው። ተነሳች። ሴቶቹን ተሰናበተች። ጫማዋን አጠለቀች። ሙዝና ጀበናውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ቅዳሜ የሚመጣው መኪና ጎማው ደረቷ ላይ የሚሄድ መሰላት።

አሮጊቷ በሩ ላይ ደርሳ ፊቷን ሳትመልስ ቆመች።

«ኸልፋን እያለ ሲናንን የምንጠብቀው ሁለት ነበርን» አለች። «ብቻዬን አልችልም።» ከዚያ ዞረች። «ልጄ፣ ሣጥኔን ስጪኝ።»

«ያንቺ ነው ቢቢ» አለች ሙዝና። «ራሺድ በራሱ ተሸክሞ ያመጣልሻል።»

«መጀመሪያ ሳሙናና ውሃ አምጪልኝ።»

ሙዝና በሳህን አመጣች። ቢቢ ሻምሳ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ቀኝ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች። «እንግዲህ ኢዳዬን፣ የባሌን ሐዘን፣ እቀመጣለሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ጌጥ አታደርግም።»

«ኢዳ?» አለች ዙወይና፣ አፏ ተመልሶላት። «አንቺ ሴትዮ፣ ኢዳው የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን እኮ ነው! አርባ ስድስት ዓመት አልፎታል!»

«ቃዲው እንዳሻው ይቁጠር። እኔ የሰማሁት ዛሬ ነው።»

አምባሩ አልወጣ አለ። የአሥራ ሰባት ዓመት እጅ ላይ የገባ ነው። ሙዝና ተንበርክካ አንጓዋን በሳሙና አሸችላት፤ ዙወይናም መጥታ ክርኗን ደገፈች። ቀስ እያለ፣ አጥንቱን እያሳመመ፣ ወጣ። ከሥሩ የነበረው ቆዳ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ፣ እንደ ሕፃን የለሰለሰ ነበር።

ቢቢ ሻምሳ አምባሩን በሻሿ ጫፍ አደረቀችና ለሙዝና ዘረጋችላት።

«ኢዳው አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። ያዢልኝ። አማና ነው።»

ሙዝና በሁለት እጇ ተቀበለች። ብሩ ገና ይሞቃል።

«እስክትጠይቂኝ» አለች። ያኔ እንባዋ መጣ፣ ለአባቷ።