ሆዳሙ የጣለው

ችግኝ ጣቢያችን ውስጥ ከሁላችን የተሻለው ሠራተኛ ወፍ ነው። ከጭብጥ የማይበልጥ አረንጓዴ ወፍ ሲሆን ሆዳሙ እንለዋለን። ጭጋግ የማይለየው የተራራው ጫካ ፍሬ እንዲሁ ቢዘሩት አይበቅልም፤ መጀመሪያ በእንዲህ ያለ ወፍ ሆድ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ለሆዳሙ ፍሬ እናበላለን፣ ከሽቦ ቤቱ ሥር ነጭ ጨርቅ እናነጥፋለን፣ የጣለውን ለቅመን እንዘራለን። ይሄ ይበቅላል ያ አይበቅልም ብሎ መምረጥ የለም። ሆዳሙ የጣለው ሁሉ ይዘራል። ሕጉን ያወጣው ወንድሜ ነው፤ ፍሬ ለቀማ ጫካ የሚወጣውም እሱ ነበር።

ባለፈው ክረምት ወጥቶ አልተመለሰም። አገር ምድሩ ቢፈልገው ቅርጫቱ ብቻ ተገኘ። እናቴ ሐዘን እንቀመጥ ስትል ሚስቱ እምቢ አለች። በጭምትነቷ ጭምቷ ነው የምንላት፤ ያን ቀን ግን ድምጿ ከፍ አለ።

"ሬሳውን አሳዩኝና ጥቁር እለብሳለሁ።"

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለች እናቴ።

እኔም የእናቴ ወገን ነበርኩ። መጠበቅ አንገሽግሾኝ ነበር። እንደ ሰው ደህና አድርጌ አልቅሼ፣ ቁርጤን ማወቅ ፈልጌ ነበር።

አንድ ጠዋት ከጭምቷ ጋር ጨርቁን ስንለቅም፣ ከዘሩ መሃል ቀይ ነገር አየሁ። የሸሚዝ ቁልፍ ነው። የወንድሜ ነጩ ቁልፍ ሲበጠስ ቀዩን የሰፋችለት ራሷ ጭምቷ ናት፤ ያውም ነጭ ክር ጠፍቶ በጥቁር። "አንገትህ ላይ ፍሬ አፈራህ እንዴ? ወፎቹ እንዳይለቅሙህ" ብዬ ስቄበት ነበር። የጠፋ ዕለት የለበሰው ያንን ሸሚዝ ነው። ጥቁሩ ክር አሁንም ቁልፉ ላይ አለ።

ወፍ ቀይ ነገር ሲያይ ፍሬ መስሎት ይውጣል፤ ይሄስ አይገርምም። ግን ሆዳሙ ወንድሜ ከመጥፋቱ በፊት ጀምሮ ከሽቦ ቤቱ ወጥቶ አያውቅም። ምግቡንም በእጄ የማበላው እኔ ነኝ።

ጭምቷ ቁልፉን ከእጄ ወስዳ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ቀበረችው።

"አንቺ፣ ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው!"

"ሆዳሙ የጣለው ይዘራል። ሕጉ የወንድምሽ ነው፣ እኔ አላወጣሁት።"

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ታጠጣዋለች። ሆዳሙም ባሕርዩ ተለወጠ። ፍሬ ስሰጠው ዞር ብሎ እንኳ አያይም፤ ፊቱን ወደ ማሰሮው አዙሮ ሲመሽ እንደዚያው እናገኘዋለን። የችግኝ ጣቢያው ሠራተኞች ማሰሮውን በሩቁ ዞረው ማለፍ ጀመሩ። እብደቷ እንዳይጋባብኝ ፈራሁና ሁሉንም ለእናቴ ዘረገፍኩላት።

እናቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። "እንግዲህ ሬሳው እሱ ነው" አለች። "አምጪልኝና በሱ እናልቅስለት።"

በማግስቱ ጭምቷ ለምሳ ስትወጣ ማሰሮው ዘንድ ሄድኩ። አፈሩ ይሞቃል፤ ጥላ ሥር የዋለ አፈር መሞቅ አልነበረበትም። ጣቴን ሰድጄ ቁልፉን አገኘሁት፤ ብስበው አልመጣ አለኝ። አፈሩን ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። ከቁልፉ አራት ቀዳዳዎች አራት ነጫጭ ሥሮች ወጥተው ወደ ታች ወርደዋል። ጥቁሩ ክር ተጠምጥሞባቸዋል።

አልዋሽም፣ ልበጥሰው ነበር። ቁልፉን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብኩት።

ከታች መልሶ ሳበኝ።

በኃይል አይደለም። ልጆች ሳለን ወንድሜ "ነይ" ሊለኝ ሲፈልግ ቀሚሴን ጎተት እንደሚያደርገው ነው። ሁለቴ ጎተት፣ ከዚያ ለቀቅ።

ከሽቦ ቤቱ ውስጥ ሆዳሙ አንገቱን አስግጎ ያየኛል። አፈሩን በሁለት እጄ መለስኩበት። እንባዬ እየወረደ እንደሆነ ያወቅሁት አፈሩ ላይ ጠብ ሲል ነው። ዞር ስል ጭምቷ በሩ ላይ ቆማለች።

"ልታወጪው ነው?"

"አይ" አልኳት። "አፈሩ ደርቆ ነው። ውሃ አቀብይኝ።"