ሁለት ወንበር ቀርቷል

በዚያ ሰሞን ባንጉ ላይ ፀሐይ ገና ከተራራው ጫፍ ብቅ ስትል ሰው ጥላ ፍለጋ ይሮጥ ነበር። ባንጉ ድሮም በሙቀት ስሟ የሚነሳ ሰፈር ናት። ከሪዮ ከተማ ተራሮች ጀርባ ተወሽቃ የባሕሩ ነፋስ ሳያገኛት ይቀራል፤ ነዋሪዋም በዚሁ ሲቀልድ ኖሯል። የዘንድሮው ግን ቀልዱንም አስረሳ። ውሾቹ መጮህ ትተው ምላሳቸውን ጎልጉለው ይውላሉ። ዳቦ ጋጋሪው እቶኑን ቢያጠፋም ውስጡና ውጪው አንድ ሆኖበታል። ራዲዮኑ ሽማግሌና ሕፃን ከቤት አይውጣ እያለ ይለፍፋል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ መብራቱ መጣ ሲሉት ይሄዳል።

ኖኤሚያ መቀመጥም መቆምም አልሆነላትም። ለልጆች ምግብ የምታበስልበት ትምህርት ቤት ለበጋ ዕረፍት ተዘግቷል፤ እጇን የምታሳርፍበት ሥራ የለም። አንሶላ ነክራ መስኮት ላይ ትሰቅላለች፤ ዞር ብላ ስትመለስ ደርቆ ታገኘዋለች። ወለሉ ላይ ውኃ ደፍታ በባዶ እግሯ ትቆምበታለች። ፍሪጁን ትከፍትና ፊቷን ታስገባለች፤ ወዲያው የሚቀልጠው ሥጋ ትዝ ይላትና ትዘጋዋለች። ከሳሎን ኩሽና፣ ከኩሽና ደጅ፣ ከደጅ ሳሎን።

እንዲህ ያቅበዘበዛት ሙቀቱ ብቻ አልነበረም። ጓሮ፣ ሰርቪሱ ቤት ውስጥ፣ ባሏ አሚልካር ነበር።

ባሏ ይባላል እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። አሚልካር ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከጎረቤት ሰፈር አንዲት ሴት ወዶ ጥሏት ሄደ፤ ዓመት ከመንፈቅ ከርሞም ሳንባውን ታሞ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎት ተመልሶ በሯ ላይ ቆመ። ያን ዕለት ኖኤሚያ ብዙ አልተናገረችም። ጣሪያ አልከለክልህም፣ የኔን ደፍ ግን እንዳትረግጥ አለችውና የሰርቪሱን ቁልፍ ሰጠችው። ይኸው ስድስት ዓመታቸው ነው። እሷ ሳህኑን መስኮቱ ላይ ታኖርለታለች፤ እሱ አጥቦ ይመልሳል። ውጪ ያለው ቧንቧ ሲያፈስ እሱ ይጠግናል፤ ውስጥ ያለው ሲያፈስ እሷ ሠራተኛ ትጠራለች። መንደሩ ለምዶት ዝም ብሏል። ጎረቤቷ ዛይራ ብቻ “ባሏ ያልሞተባት መበለት” እያለች ትተርባታለች።

ይህቺው ዛይራ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በድስት ክዳን ፊቷን እያራገበች መጣች። የወንድሟ ልጅ ኤልቶን ሚኒባስ አለው፤ የመንደሩ ሰዎች ተስማምተው እሑድ ማለዳ ግሩማሪ ባሕር ዳርቻ ሊወርዱ ነው። ዶሮው ይጠበሳል፤ የካሳቫው ዱቄት በቅቤ ይቆላል፤ በረዶውንና ጃንጥላውን ፀጉር አስተካካዩ ኦስሙንዶ ይዞ ይመጣል። ይህን ሁሉ ከዘረዘረች በኋላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

“ሁለት ወንበር ቀርቷል” አለች።

“እኔ አንድ ነኝ።”

“አንድ መሆንሽን አጣሁት እንዴ? የቀረውን ነው የነገርኩሽ።”

ኖኤሚያ እንቢ አለች። በዚህ ንዳድ ባሕር መውረድ እብደት ነው፤ አሸዋው እግር ይጠብሳል፤ አገሩ ሁሉ ወደዚያው ስለሚጎርፍ መንገድ ላይ ቀልጠን እንቀራለን፤ ራዲዮኑም ከቤት አትውጡ ብሏል አለች። ሁሉም እውነት ነበር። ማታ ግን ግድግዳው የቀን ሙቀቱን መልሶ ሲተፋባት፣ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ አንዱን ወንበር ያዢልኝ አለቻት። ቅዳሜ ጠዋት በባቡር የሚሄዱ ሰዎች ተዝለፍልፈው መውደቃቸውን ሰማችና ተወችው። ፎጣውን፣ ኮፍያውን፣ ናፍታሊን የሚሸተውን የዋና ልብሷን ቦርሳ ውስጥ ከታ ስታወጣ፣ አውጥታ ስትከት ረፈደ።

“አንቺ ሴትዮ ቁርጥሽን ንገሪኝ” አለች ዛይራ በአጥሩ ላይ። “ባሕሩ እንደሆነ ካንቺ ፈቃድ አይጠብቅም።”

ኖኤሚያ ለራሷም የማትናገረው አንድ ነገር ነበር። ውኃው ውስጥ ገብታ ቀዝቃዛው እስከ አንገቷ ሲደርስ በሐሳቧ ታየዋለች፤ ወዲያው ደግሞ የሰርቪሱ ቤት ቆርቆሮ ፊቷ ድቅን ይላል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ መስኮቱ አንድ ነው። እሷ ከሄደች ቀኑን ሙሉ የሚያየው ሰው የለም። ይህን ስታስብ ትናደዳለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የኔ ጣጣ አይደለም ስትል ኖራ፣ ዛሬ በሙቀት አመካኝቶ ጣጣዋ ሊሆን!

ቀትር ላይ ሩዝና ባቄላውን ይዛ ጓሮ ስትወጣ የጠዋቱ ዳቦ ሳይነካ መስኮቱ ላይ ደርቆ አገኘችው። ጠራችው። መልሱ ዘገየባት። ሳህኑን አስቀመጠችና ከስንት ዘመን በኋላ የዚያን ቤት በር ገፋ አደረገችው። ወበቁ እንደ ምድጃ አፍ ፊቷን ገረፋት። አሚልካር ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሲሚንቶ ላይ ተዘርሯል፤ ደረቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጥሏል። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

“ለምንድነው ያልበላኸው?”

“ሙቀቱ ነው። ደህና ነኝ።”

“ደህና የሆነ ሰው ሲሚንቶ ላይ አይንከባለልም። ተነስና ሳሎን ግባ። እዚያ ወለሉም ቀዝቀዝ ይላል፣ መብራት ሲመጣም ማራገቢያ አለ።”

ቀስ ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ። አንዴ እሷን፣ አንዴ በተከፈተው በር አሻግሮ የትልቁን ቤት ደጅ አየ።

“ይቅርብኝ” አለ።

“ግባ እያልኩህ እኮ ነው!”

“ሰማሁሽ። ይቅርብኝ።”

ደሟ ፈላ። አትርገጥ ስትለው ያልረገጠው፣ ግባ ስትለው የማይገባው፣ ሊያበሳጫት ተስሎ የተቀመጠ መሰላት። አንድ ባልዲ ውኃ አምጥታ አጠገቡ ዱብ አደረገችና በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰችና ከፈተችው፤ ተዘግቶ ከዋለማ ያፍነዋል። ከዚያ ቀጥ ብላ አጥሩ ጋ ሄዳ ዛይራን ጠራቻትና፣ እሄዳለሁ፣ አንድ ወንበር፣ ከእንግዲህ ወዲህ አትጠይቂኝ አለቻት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሚኒባሱ ደጃፏ ላይ ጥሩምባውን ነፋ። አሚልካር ተነስቶ ከማንጎው ዛፍ ሥር ወንበር አውጥቶ ነበር። ሂጂ፣ እኔ እዚሁ ጥላው ሥር እውላለሁ አላት። ውኃ ጠጣ አለችውና ወጣች። የቀሩት ሁለት ወንበሮች ከኋላ ናቸው፤ አንዱ ላይ ተቀመጠች፣ ሌላው ላይ ቦርሳዋን አኖረች። ኦስሙንዶ የዶሮውን ድስት ጭኑ ላይ ታቅፎ ከፊቷ ተቀምጧል፤ የዛይራ ሴቶች ልጆች ከወዲሁ በረዶ ይቆረጥማሉ።

ዳቦ ቤቱ ጋ ታጠፉ። የባቡር ሐዲዱን ለመሻገር መኪና ተሰልፏል። ኖኤሚያ በእጇ ከያዘችው ጠርሙስ የበረዶ ውኃ ጉልበቷ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ እሷ ግን አላየችውም። ገና በጠዋቱ አስፋልቱ ላይ ሙቀቱ ሲጨፍር ይታያል።

“ኤልቶን፣ አቁምልኝ” አለች።

“ምን ረሱ እትዬ?”

“ዝም ብለህ መልሰኝ።”

ኦስሙንዶ ገና ሳንጀምር እያለ ማጉረምረም ጀመረ። ዛይራ ግን፣ ነገር የማታሳልፈው ዛይራ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አሚልካር ከዛፉ ሥር እንዳለ ነበር።

“ሸሚዝህን ልበስ” አለችው።

“የት ልንሄድ?”

“ባሕር።”

“እኔ ባሕር ምን እሠራለሁ?”

“ሰው የሚሠራውን ትሠራለህ። ሚኒባስ ውስጥ ሕዝብ እየተቀቀለ ነው፣ ቶሎ በል።”

ገብቶ ሲወጣ በሹፌርነቱ ጊዜ የሚለብሰውን ሰማያዊ ሸሚዝ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፀጉሩን በውኃ አበጥሮ ነበር። ጋሼ ዛሬ እርስዎ ነዎት እንዴ የሚነዱን ሲል ኦስሙንዶ ቀለደ፤ ሰዉ ሳቀ። አሚልካር ቦርሳውን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገና ተቀመጠ።

መንገዱ ኖኤሚያ እንደፈራችው ሆነ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ መኪናው እንደ ጉንዳን ተያይዞ ቆሟል። ሞተሩ ሲግል ኤልቶን ማቀዝቀዣውን አጠፋው፤ በመስኮት የሚገባው አየር ከውስጡ የባሰ ነበር። አንዷን ልጅ አቅለሸለሻት። ኖኤሚያ የአሚልካርን ከንፈር በዓይኗ ጥግ ትከታተላለች። እዚያው ጥላው ሥር ብተወው ምናለ? ይህ ሰው እዚህ ቢደፋብኝ ምን ልል ነው? ጠጣ እያለች ጠርሙሱን ትሰጠዋለች፤ ጎንጭቶ ይመልስላታል፤ እሷም ትጎነጫለች። የጠርሙሱን አፍ ሳትጠርግ መጠጣቷን ያስተዋለችው ካለቀ በኋላ ነው።

ግሩማሪ መገንጠያ ላይ የማዘጋጃ ቤት ጠባቂዎች መንገዱን ዘግተው ጠበቋቸው። ዳርቻው ከማለዳ ጀምሮ ሞልቷል፣ መኪና አይገባም፣ ተመለሱ ተባሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ሁከት ተነሳ። ኦስሙንዶ አልነገርኳችሁም፣ ወደ ቤት እንመለስ አለ። ዛይራ ሰው እስኪወጣ እንጠብቅ አለች። ኤልቶን ፔድራ ዲ ጓራቲባ ቅርብ ነው፣ ባሕር ባሕር ነው ቢል ሁሉም ጮኹበት፤ ያ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር እንጂ መዋኛ አይደለም፣ ውኃው ጭቃ ነው አሉት።

ኖኤሚያ ሦስት ቀን ሙሉ ስትወስን ስታፈርስ የሰነበተች ሴት ናት። አሁን ግን ድምፅዋ ቀድሟት ወጣ።

“ወደ ጭቃው ንዳ። ቤት ያለውን አውቀዋለሁ።”

ጭቃው እውነትም ጭቃ ነበር። ውኃው ሸሽቶ ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል፤ የሚሸተው የዓሣና የአረንቋ ሽታ ነው። ነፋስ ግን ነበር። ከሚኒባሱ የወረደ ሁሉ መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ቆመ። ዛይራና ልጆቿ ዛፍ ሥር ፎጣ አነጠፉ፤ ኦስሙንዶም ጃንጥላውን ሲተክል ማጉረምረሙን ረሳ።

ኖኤሚያ ወደ ውስጥ ገባች። ጭቃው በእግሯ ጣቶች መሐል ይሾልካል፤ ውኃው ለብ ያለ ሾርባ ነው። ብዙ ሄደችና ከጉልበቷ አላልፍ ሲላት እዚያው ቁጢጥ አለች፤ ያኔ እስከ ደረቷ ደረሰላት። አሚልካር ሱሪውን ጠቅልሎ ከኋላዋ መጣና፣ ሸሚዙን ሳያወልቅ፣ ክንድ ያህል ርቀት ትቶ ተቀመጠ። ሁለቱም ማዶውን አዩ።

“ትናንት ግባ ስልህ እንቢ ያልከኝ ልታናድደኝ ነው?” አለችው።

“አይደለም።”

“ታዲያ?”

ውኃ በእጁ ዘግኖ አናቱ ላይ አፈሰሰ። “ብገባ፣ ሙቀቱ ሲያልፍ ውጣ ትይኛለሽ። ለሁለተኛ ጊዜ ውጣ ስባል አልችለውም ብዬ ነው።”

“መጀመሪያስ ማን ውጣ አለህ? በእግርህ ነው የወጣኸው።”

“እሱስ ልክ ነሽ” አለ።

ምክንያት እስኪደረድርላት ጠብቃ፣ የምትመልስለትንም አዘጋጅታ ነበር። ምንም አልጨመረም።  ተነስታ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ውኃው እዚያም ያው ነው፤ ተመልሳ መጣች።

“ሙቀቱ እስኪያልፍ ሳሎን ትተኛለህ።”

“ከዚያስ?”

“ስለ ከዚያ የተናገርኩት ነገር የለም።”

“እሺ” አለ አሚልካር።

ዶሮውን በልተው፣ ጀርባቸው ተለብልቦ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሱ። አሚልካር ፍራሹን ከሰርቪሱ ተሸክሞ ሲገባ ኖኤሚያ ኩሽና ውስጥ የታጠበ ድስት ደግማ ታጥባለች።

ቀጥሎ የመጡት ቀናት ዕረፍት አልሰጧትም። በገዛ ቤቷ የሰው ነጠላ ጫማ ያደናቅፋታል። ሳሉ ያስደነግጣታል፤ ሳይስል ሲቆይ ደግሞ ሄዳ ታየዋለች። ማራገቢያው ወዴት ይዙር በሚል ተጣሉ። ሁለት ጊዜ ያህል ውጣ ልትለው አፏን ከፍታ ስለ ሌላ ነገር አወራች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረ፤ ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም ቆይቶ ዝናቡ በአንዴ ወረደ። ሰዉ ልብሱን እንደለበሰ መንገድ ላይ ወጥቶ ይታጠባል፤ ዛይራ ድስቷን ዘርግታ ትቀበላለች። አሚልካር ደጃፍ ቆሞ ትንሽ አየና ወደ ውስጥ ተመለሰ። ኖኤሚያ ባቄላ እያማሰለች ሳለ የፍራሽ መንኮሻኮሽ ሰማች። ጭልፋዋን እንደያዘች ብቅ ስትል ፍራሹን ጠቅልሎ በገመድ እያሰረው ነው።

“ወዴት ነው?”

“ሙቀቱ አለፈ እኮ።”

ወደ ጓሮው አየች። ውኃው ከሰርቪሱ በር ሥር እየፈሰሰ ነው።

“በዚህ ዝናብ ልታበሰብሰው ነው? አስቀምጠው።”

አስቀመጠው። በማግስቱም አካፋ። ከዚያ አባርቶ ጓሮው ደረቀ፤ ፀሐይዋም እንደ ሰው ሆነች። ፍራሹን እሱ አላነሳውም፤ ነገሩን እሷ አላነሳችውም። ዛይራ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ ታዲያ ምን ወሰንሽ ብትላት፣ ኖኤሚያ ልብስ ማስጣቷን ሳታቋርጥ ገና ነው አለቻት።